ለጅማ ሳሎን ፕሮጀክተርና በእጅ የሚሠራ ስክሪን፦ 120 ኢንች ይበዛል?

ጀማሪ_ከሄርማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ለሳሎን የሚሆን ፕሮጀክተር ገዝተናል። ስክሪኑን እዚሁ ጅማ እንጨት አስቆርጬ ራሴ ልሠራው አስቤያለሁ፤ እንጨቱን ከመግዛቴ በፊት የተሳሳትኩት ነገር ካለ ንገሩኝ።

ክፍሉ 3.6 ሜትር በ4.5 ሜትር ነው፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ 2.7 ሜትር። ስክሪኑ የሚሰቀለው በ3.6 ሜትሩ ግድግዳ ላይ ነው። ቤቱ የጭቃ ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው፤ ኮርኒሱ ነጭ አቡጀዲ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ፕሮጀክተሩ ኤልኢዲ ሲሆን ካርቶኑ ላይ «12,000 ሉመን፣ 4ኬ ይደግፋል» ይላል። መመሪያው ውስጥ ግን ሪዞሉሽኑ 1920 በ1080፣ ትሮው ሬሾው 1.25፣ ፍጆታው 80 ዋት ነው የሚለው።

ግድግዳው ስለሚበቃው ከማዕዘን ማዕዘን 120 ኢንች አስቤያለሁ። ከጨርቅና ግድግዳውን ነጭ ከመቀባት የቱ ይሻላል? ጨርቅ ከሆነስ አቡጀዲ ይሆናል? ሌላው ደግሞ ለሙከራ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ አድርጌ አፉን ወደ ላይ ቀና ሳደርገው ምስሉ ከላይ ይሰፋል፤ መሃሉ ጥርት ብሎ ማዕዘኖቹ ብዥ ይላሉ።

ልከኛ_ብርሃን

ወንድሜ፣ እንጨቱን ገና አለመግዛትህ ጥሩ ሆነ። የስክሪኑን ልክ የሚወስነው የግድግዳው ስፋት ሳይሆን የፕሮጀክተሩ ብርሃን ነው፤ ብርሃኑን ደግሞ ካርቶኑ አይነግርህም።

12,000 ሉመን (ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) የሚለውን ቁጥር ተወው። 80 ዋቱ በሙሉ ወደ ኤልኢዲው ሄዶ በያንዳንዱ ዋት 100 ሉመን ይሰጣል ብንል እንኳ ከመብራቱ የሚወጣው 8,000 ነው። ያ ብርሃን ኤልሲዲውን፣ ማለትም ምስሉን የሚሠራውን ፓነል፣ ሲያልፍ ፖላራይዘሩ ቢያንስ ግማሹን ያስቀራል፤ የቀለም ማጣሪያው ከተረፈው ውስጥ ሁለት ሦስተኛውን ገደማ ይወስዳል፤ ከዚያ መስታወቱና ሌንሱ አሉ። ግድግዳው ላይ የሚደርሰው ጥቂት መቶ ሉመን ነው። ሊታመን የሚገባው ቁጥር «አንሲ ሉመን» የሚባለው ሲሆን እሱን ቤትህ ውስጥ መለካት ትችላለህ።

ማታ መብራት ሁሉ አጥፍተህ ፕሮጀክተሩን 15 ደቂቃ አሠራውና ሙሉ ነጭ ምስል አውጣበት። ኪስቶኑን፣ ማለትም የምስሉን ቅርጽ በሶፍትዌር የሚያስተካክለውን ምርጫ፣ ዜሮ አድርገው። መሣሪያውን ከግድግዳው ፊት ለፊት ቀጥ አድርገህ ምስሉን 100 ኢንች ላይ አምጣው፤ ወርዱ 221 ሴንቲ፣ ቁመቱ 124.5 ሴንቲ መሆኑን በሜትር አረጋግጥ። ትሮው ሬሾ ማለት ርቀቱ ለምስሉ ወርድ ሲካፈል ነውና ያንተ ሌንስ ከግድግዳው በ221 ሲባዛ በ1.25፣ ማለትም በ2.76 ሜትር ገደማ ይቆማል። ምስሉን 3 በ3 አድርገህ በ9 እኩል ሳጥን ክፈለው። ሉክስ (በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈውን ሉመን) የሚለካ አፕ ስልክህ ላይ ጫንና በየሳጥኑ መሃል ስልኩን ግድግዳው ላይ አስጠግተህ ስክሪኑን ወደ ፕሮጀክተሩ አዙር። የብርሃን ሴንሰሩ ብዙ ጊዜ ከፊት ካሜራው አጠገብ ስለሆነ እጅህ ወይም ትከሻህ ጥላ እንዳይጥልበት። 9ኙን ቁጥር ደምረህ ለ9 አካፍል፤ አማካዩን በምስሉ ስፋት፣ በ2.75 ካሬ ሜትር፣ አባዛው። የሚወጣው ሉመንህ ነው። የስልክ ሴንሰር እንደ ባለሙያ መለኪያ ትክክል አይደለም፤ 300 ይሁን 3,000 ግን በደንብ ይለይልሃል።

አማካዩን ሉክስ ለ3.14 ብታካፍለው ነጭ፣ የማያብረቀርቅ ስክሪን ላይ ዐይንህ የሚያየውን ድምቀት በኒት ታገኛለህ። የሲኒማ ቤት ልክ 48 ኒት ነው። ክፍሉ በደንብ ከጨለመ 40ዎቹ ውስጥ መሆን ይበቃል፤ ከ35 ሲወርድ ግን ፊልሙ ውስጥ ያሉ የምሽት ትዕይንቶች ሁሉ ጭቃ ይመስላሉ። ለክተህ ቁጥሩን ላክልን።

ሞራሌና_ኮላ

ልኩ እስኪታወቅ ድረስ እኔ ስለ ስክሪኑ ልናገር።

የጭቃ ግድግዳ ላይ ቀለም አልመክርም። የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፤ እንዲህ ያለ ግድግዳ እርጥበት ከሥር ስለሚስብ ቀለሙ ያብጣል፣ ቆይቶም ሻጋታ ያወጣል። ልስኑም ሞገድ አለው። ደረቅ የብሎኬት ግድግዳ ያለው ሰው ግን በቀለም ርካሽና ጥሩ ስክሪን ያገኛል፦ ስቱኮ 2 ጊዜ፣ በ120 ከዚያም በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ ለኮርኒስ የሚሆን የማያብረቀርቅ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም በሩሎ 2 ጊዜ። ዘይት ቀለም ፈጽሞ አይሆንም፤ የፕሮጀክተሩን መብራት እንደ መስታወት ስለሚመልስ መሃሉ ላይ የሚያበራ ክብ ነገር ይታያል።

ላንተ ፍሬምና ጨርቅ ነው። አቡጀዲ ይሆናል፣ ግን ነጠላውን አይደለም። ጨርቁን ዘርግተህ ከኋላው የስልክ ባትሪ አብራ፤ መብራቱ በግልጽ ከታየህ ከፕሮጀክተሩ የሚመጣው ብርሃንም በዚያው መጠን ወደ ኋላ እያለፈ ይባክናል። ስለዚህ ሁለት ድርብ አድርገው፤ ሁለቱም ነጭ ይሁኑ። ከኋላ ጥቁር ጨርቅ አድርጉ የሚሉ አሉ፤ ጥቁር ያለፈውን ብርሃን ይውጠዋል እንጂ አይመልሰውም፣ ብርሃኑ ትንሽ ለሆነ መሣሪያ ደግሞ ያ ትልቅ ኪሳራ ነው። ከአቡጀዲ የሚሻለው ብርሃን የማያሳልፈው ነጭ የመጋረጃ ገበር ነው፦ አንዱ ፊቱ ጎማ መሰል ሽፋን አለው፣ ጨርቅ ጨርቅ የሚለውን ፊቱን ወደ ተመልካች ታዞራለህ። ፖሊስተር ያለበት ደግሞ በዝናብ ወቅት አይላላም፤ ንጹሕ ጥጥ ከክረምት ወደ በጋ ይላላል ይወጠራል።

አቡጀዲ ከመረጥክ መጀመሪያ እጠበው፣ ይደርቅ፣ በካውያ ተኩሰው። ፋብሪካ የቀባው ስታርች ሳይለቅ ከወጠርከው የመጀመሪያው እርጥበት ሲነካው ይሸበሸባል። ሲገዛ ወርዱን ጠይቅ፤ መሃሉ ላይ ስፌት ያለው ስክሪን በየፊልሙ ስፌቱን ያሳይሃል፤ ወርዱ ካልበቃ ከመስፋት ሰፊ አንሶላ ይሻላል።

ጀማሪ_ከሄርማታ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ለካሁት። መሃሉ 152፣ አራቱ ጎኖች 120 አካባቢ፣ አራቱ ማዕዘኖች 107 አካባቢ። አማካዩ 118 ሉክስ ሆነ። በ2.75 ሲባዛ 324 ሉመን ማለት ነው? ከ12,000 በጣም ራቀ።

ልከኛ_ብርሃን

አዎ፣ 324። አትከፋ፤ ለዚህ ዓይነት መሣሪያ የተለመደ ነው፣ ማዕዘኑ የመሃሉን 70 በመቶ መያዙም መጥፎ አይደለም። አሁን ይህን ብርሃን በተለያየ ልክ ላይ እናሰራጨው። 120 ኢንች ላይ፣ 266 በ149 ሴንቲ፣ 26 ኒት ይሆናል። 100 ላይ 37። 90 ላይ፣ 199 በ112 ሴንቲ፣ 46። 80 ላይ 58። ከ120 ወደ 90 ስትወርድ ድምቀቱ በ1.8 እጥፍ ገደማ ያድጋል፤ ሌላ ፕሮጀክተር የገዛህ ያህል ነው። እኔ በ90 ቁረጠው እላለሁ። መሣሪያው እያረጀ ሲሄድ ኤልኢዲው ስለሚደክም ዛሬ ልክ የሆነው ነገ ትንሽ ይጎድላል፤ ያንንም አስብበት።

90 ላይ ሌንሱ ከስክሪኑ በ2.49 ሜትር ይቀመጣል። ሶፋው ከስክሪኑ 2.7 እስከ 3.7 ሜትር ባለው ውስጥ ይሁን፤ ክፍልህ 4.5 ስለሆነ ይመቻል። የስክሪኑ የታች ጠርዝ ከወለል 75 ሴንቲ አካባቢ ቢሆን የተቀመጠ ሰው ዐይን ከመሃሉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይውላል።

ብዥታውና የምስሉ ከላይ መስፋት አንድ ምክንያት ነው ያላቸው። መሣሪያውን ቀና ስታደርገው ብርሃኑ ከላይ ረጅም መንገድ ስለሚሄድ ይሰፋል፤ ፎከስ የሚይዘው ደግሞ አንድ ርቀት ላይ ብቻ ስለሆነ መሃሉ ሲጠራ ጠርዙ ይበላሻል። ኪስቶን ይህን አያድነውም። ኪስቶን ምስሉን በሶፍትዌር ጨምቆ ቅርጹን ያስተካክላል እንጂ ሌንሱን አያነቃንቅም፤ በዚያ ላይ ከ1920 በ1080 ፒክስሉ የተወሰነውን ጥቁር አድርጎ ይጥለዋል፣ ጽሑፍም ይሰባበራል። መፍትሔው ከፍታውን ማግኘት ነው። መሣሪያውን በውሃ ልክ ፍጹም አግድም አድርገው፣ ኪስቶን ዜሮ። ምስሉ የትም ይረፍ፤ ሌንሱ ከምስሉ የታች ጠርዝ በስንት ሴንቲ እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ ለካ። በአንዳንዱ ሌንሱ ከታች ጠርዝ እኩል ይሆናል፣ በሌላው ከመሃሉ። ያንን ልዩነት 75 ሴንቲው ላይ ስትደምር ወይም ስትቀንስ የመደርደሪያውን ከፍታ ታገኛለህ። ወደ ጎንም እንዲሁ፤ ሌንሱ ከስክሪኑ መሃል መስመር ላይ ይቁም።

ፎከሱን ሲበራ ወዲያው አትንካው፤ ፕላስቲክ ሌንስ ሲሞቅ ይንቀሳቀሳልና 15 ወይም 20 ደቂቃ ጠብቅ። ከዚያ መሃሉን ሳይሆን ከመሃል ወደ ማዕዘን ሁለት ሦስተኛው ላይ ያለ ፊደል መርጠህ እሱ እስኪጠራ አስተካክል። መሃሉ ትንሽ ቢለሰልስ አይታወቅም፤ ማዕዘኑ ግን በጣም ይሻሻላል። ሙሉ በሙሉ እኩል እንዲሆን አትጠብቅ፤ የዚህ ዓይነት ሌንስ ጠባዩ ነው።

ሞራሌና_ኮላ

እንግዲህ ለ90 ኢንች የእንጨት ዝርዝሩ። 4 በ5 ሞራሌ፣ ባለ 4 ሜትር፣ 3 ፍሬ። 5 ሴንቲ የሆነው ፊቱ ወደ ተመልካች ይዞር። ከመጀመሪያው 209 እና 112 ሴንቲ፣ ከሁለተኛውም 209 እና 112፣ ከሦስተኛው ለመሃል መደገፊያ 112 ትቆርጣለህ፤ የተረፈው ለማዕዘን ማጠናከሪያ ነው። የፍሬሙ ውጭ 209 በ122፣ የምስሉ ቦታ 199 በ112 ይሆናል፤ ዙሪያውን ያለው 5 ሴንቲ በጥቁር ከፈይ ይሸፈናል።

ሞራሌውን ስትመርጥ አንዱን ጫፍ ዐይንህ አጠገብ አድርገህ እስከ ጫፉ ተመልከት፤ ጎባጣውን ተወው። ጅማ ገበያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እርጥብ የባህር ዛፍ ነው፤ እርጥቡን ከሠራኸው ፍሬሙ ሲደርቅ እንደ ሊጥ ይጠማዘዛል። ደረቅ ካጣህ ቤት ውስጥ በየ50 ሴንቲው ስንጣሪ እንጨት ከሥሩ አድርገህ አጋድመው፣ ከላይ ከባድ ነገር ጫንበት፣ 3 ወይም 4 ሳምንት ይቆይ።

ማዕዘኖቹን በኮላና በ7 ሴንቲ ብሎን እሰር፤ ብሎኑ ከመግባቱ በፊት በቀጭን መሰርሰሪያ ክፈትለት፣ አለበለዚያ የእንጨቱ ጫፍ ይሰነጠቃል። በስኳድራ ብቻ አትመን። ከማዕዘን ማዕዘን አግድም ለካ፦ ሁለቱም 242 ሴንቲ ከሆኑ ልክ ነው፤ 1 ሴንቲ እንኳ ከተለያዩ ረጅሙን ጥግ ወደ ውስጥ ገፋ አድርገህ ከዚያ ማጠናከሪያውን ምታ። ኮላው ሌሊቱን ይደር።

የመሃል መደገፊያው ጨርቁን እንዳይነካ 1 ሴንቲ ወደ ኋላ ገባ ይበል፤ ከነካው በየብሩህ ትዕይንቱ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይታያል። በዚሁ ምክንያት የፍሬሙን የውስጥ ጠርዝ በመላጊያ ወደ ኋላ ዘንበል አድርገው። ጨርቁ የሚያርፈው ውጨኛው ጠርዝ ላይ ብቻ መሆን አለበት።

ጨርቁ 229 በ142 ይቆረጥ፤ በየጎኑ 10 ሴንቲ ትርፍ ነው። ወርዱ 150 የሆነ ጨርቅ ያለ ስፌት ይበቃሃል ማለት ነው። ንጹሕ አንሶላ ላይ አንጥፈህ ፍሬሙን በላዩ ደፍተህ፣ ሶፋ ሠሪዎች በሚጠቀሙበት ስቴፕለር ትመታለህ። ቅደም ተከተሉ ዋናው ነገር ነው። መጀመሪያ የላይኛውን መሃል አንድ፣ ከዚያ ከትይዩው ከታች መሃል ወጥረህ አንድ፣ ግራ መሃል፣ ቀኝ መሃል። ከዚያ ከመሃል ወደ ማዕዘን በየ5 ሴንቲው፣ ሁልጊዜ አንዱን ጎን መትተህ ትይዩውን። ማዕዘን በመጨረሻ። ከማዕዘን የጀመረ ሰው መሃሉ ላይ ሽብሽብ ይቀርበታል፤ በኋላ ተጎትቶ አይጠፋም። በጣት ስትነካው እንደ ከበሮ ቆዳ ካልመለሰልህ አልተወጠረም።

ከፈዩ የሚያስፈልገው ለውበት ብቻ አይደለም፤ ከምስሉ ጠርዝ ትንሽ የሚያልፈውን ብርሃን ስለሚውጥ ምስሉ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ጸጉሩ በአንድ አቅጣጫ ስለሚተኛ አራቱንም ቁራጭ በአንድ አቅጣጫ አዙረህ ለጥፍ።

አሰቃቀሉ ላይ ተጠንቀቅ። ፊሸር በጭቃ ግድግዳ ውስጥ አይይዝም። ልስኑን በመዶሻ እጀታ እየቆረቆርክ ድምፁ የሚደፍንበትን፣ ማለትም ቋሚውን እንጨት ፈልግ፤ 8 ሴንቲ ብሎን እዚያ ውስጥ ይግባ፣ ቢያንስ ሁለት ቋሚ ላይ። ከግድግዳው ጋር እንዳይጣበቅ ከኋላው ሁለት ሴንቲ የሚሆን ስንጣሪ አድርግ፤ አየር ካላለፈ ክረምት ላይ ጨርቁ ከጀርባው ይሻግታል።

ፊውዝ_አይረሴ

ስለ መብራትና ስለ አየር ማንም አላነሳም፤ መሣሪያውን ቶሎ የሚገድሉት ግን እነዚህ ናቸው።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ዞሮ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ትልልቆቹ ባለ ላምባ (በኤልኢዲ ፋንታ አምፖል ያላቸው) ፕሮጀክተሮች ሜኑ ውስጥ ከ1,500 ሜትር በላይ እንዲበራ የሚመከር የከፍታ ሞድ አላቸው፤ ያለው ሰው ያብራው፣ ድምፁ ትንሽ ይጨምራል። ያንተ ዓይነት ትንሹ ኤልኢዲ ብዙ ጊዜ የለውም፤ ስለዚህ ከኋላና ከጎን 30 ሴንቲ ክፍት ተውለት፣ ቁም ሳጥን ወይም ዝግ መደርደሪያ ውስጥ አታስገባው። ሲሞቅ የሚያሳየው ምልክት መሃሉ ላይ ቢጫ ጥላ ነው፤ ኤልሲዲው እየተቃጠለ ነው ማለት ነው፣ አይመለስም።

ቡናና ዕጣን። ሳሎን ውስጥ ቡና ሲቆላ መሣሪያውን አጥፍተህ ሸፍነው። የቡናው ጭስ ቅባት አለው፣ የዕጣኑም እንደዚያው ሙጫ ነው፤ ፋኑ ስቦ ሌንሱ ላይ፣ ኤልሲዲው ላይና ማጣሪያው ላይ ይለጥፈዋል። አቧራ በላዩ ሲይዝ በእስትንፋስ የማይለቅ ሽፋን ይሆናል። ምስሉ ጭጋግ የለበሰ ሲመስልህ ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ማጣሪያውን በወር አንዴ አውጥተህ በለስላሳ ብሩሽ ጥረግ። ሌንሱን ለመነጽር በሚሆን ጨርቅ፣ ሳትጫን።

መብራት ሲጠፋ ኤልኢዲ እንደ ላምባው አይጎዳም፤ ላምባው ግን ፋኑ ሳያቀዘቅዘው ሲቀር ዕድሜው ያጥራልና ለእሱ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያሠራ) ግድ ነው። ላንተ አደጋው መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ከፍ ያለ ቮልቴጅ ነው። ባለ 1,000 ቪኤ ስታብላይዘር፣ ማዘግየት የሚባለው ያለበት፣ መብራት ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚለቅ፣ ይበቃሃል። ስታብላይዘር ከሌለ ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀል፤ ከተመለሰ 5 ደቂቃ በኋላ ሰካ። ዩፒኤስ ለሚያስብ፦ ባለ 650 ቪኤው ውስጥ ያለው 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ፕሮጀክተርና ስፒከር ይዞ ቢበዛ 15 ወይም 20 ደቂቃ ነው፤ ፊልም አያስጨርስም።

ኤችዲኤምአይ ገመድ ከ5 ሜትር አታስረዝም። ርካሽ ባለ 10 ሜትር ገመድ ነጭ ብልጭታ ያመጣል፣ ምስሉም ብልጭ ድርግም ይላል፤ ሰው ፕሮጀክተሩ ተበላሸ ብሎ ይወስደዋል። ድምፁን በኦክስ ገመድ አውጣ፤ ብሉቱዝ ከከንፈር ወደ ኋላ ይቀራል፣ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ ደግሞ የውስጡ ስፒከር ጭራሽ አይሰማም።

ጀማሪ_ከሄርማታ

90 ላይ ወስኛለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ቀረኝ። ገበር ካጣሁ የባነር ማተሚያ ቤቶች የሚጠቀሙበት ነጭ ባነር ይሆናል? የአቡጀዲ ኮርኒሱስ ችግር አለው?

ሞራሌና_ኮላ

ባነሩ ይሆናል። ብርሃን ብዙም አያሳልፍም፣ እርጥበት አይፈራም፣ ጥቅሉም ሰፊ ስለሆነ ስፌት የለውም። ችግሩ የፊቱ ማብረቅረቅ ነው። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ቁራጭ ጠይቀህ ስልክህን አብርተህ በሁለቱም ፊት እይ፤ የመብራቱ ምስል ተሰብስቦ የማይታይበትን ፊት ምረጥ፣ ብዙ ጊዜ ጀርባው ነው። ሁለቱም የሚያብረቀርቁ ከሆነ ተወው። ሲታጠፍ የማይለቅ መስመር ስለሚይዝ በቱቦ ላይ ተጠቅልሎ ይምጣ። ስትወጥረው በቀትር ሙቀት ወጥረው፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ራሱ ይጠብቃል።

ልከኛ_ብርሃን

ኮርኒሱ ችግር አለው። ስክሪኑ ላይ ያረፈው ብርሃን ወደ ነጩ አቡጀዲ ይሄዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ስክሪኑ ላይ ይወድቃል፤ ጥቁር መሆን የነበረበት ግራጫ ይሆናል። ሙሉውን መቀየር አያስፈልግም። ከስክሪኑ ግድግዳ ጀምሮ 1 ሜትር ያህል ኮርኒሱ ላይ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ ጨርቅ ወጥር፤ የስክሪኑን ግድግዳ ራሱንም በማያብረቀርቅ ጥቁር ግራጫ ቀባው። እንዲሁም ፕሮጀክተሩን ኮርኒስ ላይ ለመስቀል ካሰብክ አቡጀዲው ምንም አይሸከምም፤ ከላዩ ያሉትን ሁለት ሞራሌዎች አግኝተህ በመካከላቸው ጣውላ በብሎን እሰር፣ መስቀያውን እዚያ ላይ። ተገልብጦ ሲሰቀል ሜኑ ውስጥ ምስሉን የሚገለብጠውን ምርጫ ታበራለህ፤ የከፍታ ልኬቱም ከታች ጠርዝ መሆኑ ቀርቶ ከላይኛው ጠርዝ ይቆጠራል።